የዶክተር አንዳርጌ ግራ እጅ

ዶክተር አንዳርጌ ማረፋቸውን የሰማሁት ቡታጅራ፣ እህቴ ቤት፣ የልጇን ፀጉር እየሠራሁ ሳለ ነው። እጄ ቅባት ስለነበረ ስልኩን እህቴ ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ። የደወለው ዶክተር ቢኒያም ነበር፤ ወልቂጤ የምሠራበት ሆስፒታል ሜዲካል ዳይሬክተር። «ሲስተር አስቴር፣ ጋሼ አረፉ» አለኝ። በሕይወት ሳሉ «ዶክተር» እንጂ «ጋሼ» ብሏቸው አያውቅም። ስልኩ ሳይዘጋ ሁለታችንም የምናስበው ከአፍንጫቸው ስላወጣነው ቱቦ ነበር። እሱ እኔን፣ እኔ እሱን ለመውቀስ አፋችን ሞልቷል፤ ማንም ግን አልጀመረም። የልጅቷ ፀጉር ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ሳይሠራ ቀረና ለመንገድ ተነሳሁ።

እኚህን ሰው ለማያውቅ ላስተዋውቅ። ዶክተር አንዳርጌ የሆስፒታላችን የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ነበሩ። አጭር፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽር የሚፈልጉ ሰው። «አስቴር፣ መነጽሬን አይተሻል?» ይሉኛል። «ዶክተር፣ ራስዎ ላይ ነው» ስላቸው፣ «ራሴ ላይ መሆኑንማ አውቃለሁ፣ ዓይኔ ላይ የለም እንጂ» ብለው ይሸሹኛል። ተሸነፍኩ ማለት አያውቁም ነበር፤ ሕክምና ላይ ካልሆነ በስተቀር።

ሕክምና ላይ ግን በየሳምንቱ ይሸነፋሉ፤ ያውም ደስ እያላቸው። ሐሙስ ጠዋት፣ ራውንድ ሳንጀምር፣ ሁላችንንም የነርሶች ክፍል ይሰበስቡና «እንዴት አደራችሁ? እስከ ትናንት ስንሳሳት ቆይተናል» ይላሉ። ከዚያ ያነበቡትን አዲስ ጥናት ይነግሩናል። እኛ ግቢ ኔትወርክ ደህና የሚይዘው ጓሮ፣ የውሃ ታንከሩ ሥር ነው። ረቡዕ ከሰዓት እዚያ ቆመው ስልካቸውን ወደ ሰማይ ሲያነሱ ያየ አስታማሚ «ሰውየው ምን ችግር ገጥሟቸው ነው እንዲህ የሚጸልዩት?» ብሎ ጠይቆኛል። «ትናንት የሠራሁትን ሥራ ሊያፈርሱብኝ ነው» አልኩት።

እውነቴን ነው። ስንት ዓመት ሙሉ፣ ሆዱን የተቀደደ ሰው ፈስ ሳያወጣ እህል አይቀምስም እያልን ኖረናል። የማከብራቸውን ሽማግሌዎች ጠዋት ጠዋት «አባባ፣ ፈስ ወጣ?» እያልኩ መጠየቅ ነበር ሥራዬ፤ ሙያ በልብ ነው! አንድ ሐሙስ «ይሄ ተሽሯል» አሉ። አብዛኛው ሰው ቶሎ ቢቀምስ አይጎዳም፣ እንዲያውም ቶሎ ይነሳል። ቀዶ ሐኪሙ ተቆጣ፤ «ሆድ የኔ ክፍል ነው» አለ። እሳቸውም «የበሽተኛው መስሎኝ» ብለው መነጽራቸውን መፈለግ ጀመሩ። ለሳንባ ምች የምንሰጠው ረጅም የመርፌ ሕክምናም በሌላ ሐሙስ ተሻረ፤ ለብዙ ሰው አጭሩ ይበቃዋል፣ ሲሻለውም ኪኒን ይዞ ቤቱ ይግባ ተባለ። «መድኃኒት እንደ እንግዳ ነው» ይሉ ነበር፤ «ሲበቃው ካልሄደ ቤት ያጣብባል።» ስማቸው ቀስ እያለ ጠፋና ጥበቃው ሳይቀር «ዶክተር ተሽሯል» ይላቸው ጀመር። እሳቸውም ያውቃሉ፤ አልከፋቸውም።

ከተማው ግን ይከፋው ነበር። ወልቂጤ ውስጥ ግሉኮስ ያልተሰቀለለት ሰው ታከምኩ አይልም። አንድ ጊዜ ደረቱን ያመመውን ነጋዴ ዘመድ አዝማድ በባጃጅ ተከታትሎ አመጣው፤ ገና ከመግባታቸው «ግሉኮስ ይሰቀል! ኦክስጅን ይደረግለት!» ጩኸት ሆነ። ዶክተር አንዳርጌ የኦክስጅን መለኪያዋን ጣቱ ላይ ሰክተው አዩና «ኦክስጅኑ በደሙ ውስጥ ሞልቷል፤ ለሞላ ሰው መጨመር እንደማይጠቅም ታውቋል። እሱን እዚያ ጥግ ትንፋሽ ላጠራት ሕፃን ስጧት» አሉ። የሰውየው ወንድም «አንተ ሐኪም ነህ ወይስ ቋጣሪ? አየር ይቋጠራል?» ብሎ ደነፋ። ነጋዴው ዳነ፤ ወንድሙ ግን እስከ ዛሬ ድረስ «አየር የከለከለን ሰውዬ» ነው የሚላቸው።

ቢኒያም ያኔ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ ነበር። በነገር ሁሉ «ጥናቱ እንዲህ ይላል» ማለት አበዛ። «ስማ ልጄ» አሉት አንድ ቀን፣ «ጥናት አማት አይደለም፤ ይጠየቃል። እነማን ላይ ነው የተጠናው? እንደኛ ያለ ሰው ነበረበት? ሰውየው መሞት አለመሞቱን ብቻ ነው የለካው ወይስ እንዴት እንደኖረም አይቷል?» ቢኒያም ፊቱ ቀላ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ከጎናቸው አልጠፋም፤ አረማመዳቸው ሁሉ ወደ እሱ ተጋባ።

ከሁሉም ልቤ ውስጥ የቀረው ከአገና በኩል የመጡት ሽማግሌ ነገር ነው። ኢንፌክሽን አእምሯቸውን አናውጦት ይጮኻሉ፣ መርፌውን ይነቅላሉ። እንደ ልማዳችን ሁለት እጃቸውን በፋሻ ከአልጋው ብረት ጋር አሰርናቸው። ዶክተር አንዳርጌ መጡና ፋሻውን መፍታት ጀመሩ። «ዶክተር፣ እኔ በስንት ዓይኔ ልጠብቃቸው?» ብዬ ጮህኩ። «እኚህ ሰው የት እንዳሉ ጠፍቷቸዋል» አሉኝ፤ «ስታስሪያቸው እስር ቤት መሆናቸውን አረጋገጥሽላቸው። የታሰረ በሽተኛ የበለጠ እንደሚቃዥ በጥናት ታይቷል።» ልጃቸው አጠገባቸው እንዲቀመጥ፣ አልጋው ወደ መስኮት እንዲዞር፣ በገዛ ቋንቋቸው እንዲነገራቸው አደረጉ። ልጁ ሲደክመው እሳቸው ራሳቸው ወንበር ስበው የሽማግሌውን እጅ ይዘው ተቀመጡ። እኔ በጉራጊኛ ሳወራ እሳቸው አንድ ቃል ሳይገባቸው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ሰው ሲታሰር ለምን እንደዚያ እንደሚያንገበግባቸው ኋላ ነው የገባኝ። እሳቸው ራሳቸው መች ተፈተው ያውቃሉ! ጎጃሜ ናቸው፤ ወልቂጤ የመጡት ለጥቂት ጊዜ ተብለው ነው። ዝውውር በጠየቁ ቁጥር «ተተኪ ሲገኝ» ይባላሉ፤ ተተኪ አልተገኘም። ቆይቶ ደግሞ ወደ አገራቸው የሚወስደው መንገድ ተዘጋ፣ ስልኩም ጠፋ። ሚስት አላገቡም፤ «አገሬ ስገባ» እያሉ ፀጉራቸው ሸበተ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መናኸሪያ ሄደው ይቆማሉ። አንድ ቀን አገኘኋቸውና «ወዴት ነው ዶክተር?» አልኳቸው። «የትም። መኪና ሲወጣ ማየት ደስ ይለኛል» አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

እናታቸው ሲሞቱም መንገዱ እንደተዘጋ ነበር። ወሬው የደረሳቸው እናታቸው ከተቀበሩ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ድንኳን ያስተከሉላቸው አከራያቸው እማማ ከድጃ ናቸው፤ ገበያ ላይ ቡላና ቆጮ የሚነግዱ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሙስሊም እናት። የሰፈሩ ሰው ሁሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ላላየው ሬሳ ተቀመጠ። እማማ ከድጃ ከዚያ ወዲህ የኪራይ ነገር ሲነሳባቸው «ልጅ እናቱ ቤት ይከራያል እንዴ?» እያሉ ይቆጣሉ። ዶክተር ማታ ሲገቡ የእማማ ከድጃ የቡላ ገንፎ ይጠብቃቸዋል። «አስቴር» ይሉኝ ነበር፣ «ከዚህ አገር ያላስመረረኝ ነገር ቢኖር ይሄ ቡላ ነው።»

እንግዲህ ያ ሐሙስ መጣ። የዕለቱ ነገር ስለ ደም ነበር፤ የደም መጠኑ ትንሽ ዝቅ ባለ ቁጥር ለሁሉም በሽተኛ ደም መስቀል እንደማያስፈልግ፣ ለብዙዎቹ መታገሥ እንደሚሻል እያስረዱን ነበር። ድንገት ቃላቸው ተንኮታኮተ። ይናገራሉ፣ ግን አማርኛ አይደለም፤ ምንም አይደለም። ቀኝ እጃቸው ከጠረጴዛው ወደቀ። እኛ እንደ ጅል ቆመን እናያለን። እሳቸው ሰዓት ያሰሩበትን ግራ እጃቸውን ወደኔ ዘርግተው ነቀነቁት፣ ነቀነቁት። ለካ «የጀመረበትን ሰዓት ያዙ» ማለታቸው ነው! ስትሮክ ላይ ሰዓት ነፍስ ነው ብለው ያስተማሩን እሳቸው ናቸው፤ አንዳንዱን የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፣ በጊዜ ለተደረሰበት። እኛ ጋ ግን መድኃኒቱ የለም። አምቡላንሱ ነዳጅ ፈልጎ፣ መንገዱ ተዘጋግቶ፣ አዲስ አበባ ስንደርስ ጊዜው አልፎ ነበር።

ከሳምንታት በኋላ «ከዚህ በላይ የለም» ተብለው ወደኛ ተመለሱ። አዲስ አበባ ሰው የላቸውም፤ ጎጃም መንገድ የለም። የራሳቸው ዋርድ ውስጥ፣ እሳቸው በሽተኛ የሚያዩበት አልጋ ላይ ተኙ። ቀኝ ጎናቸው ሞቷል፣ ምላሳቸው ተይዟል፣ መዋጥ አይችሉም። በአፍንጫ በገባ ቱቦ እንመግባቸዋለን። የምንለውን ግን ሁሉ ይሰማሉ፤ ዓይናቸው ያው የድሮው ዓይን ነው። በሩ ከውጭ የተቆለፈበት ሰው በመስኮት እንዲያ ነው የሚያየው። ጠዋት ጠዋት ቀጥ አድርጌ አስቀምጣቸውና በሻይ ማንኪያ ውሃ እሞክራለሁ፤ እሱንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ስትሮክ የያዘው ሰው ሳይፈተን አይብላ ብለው። ትን ይላቸዋል። በማግስቱም ትን ይላቸዋል። እያደር ተስፋው ተሟጠጠ።

እማማ ከድጃ በየቀኑ ቡላቸውን በሳህን ከድነው ይመጣሉ። «ዛሬስ?» ይሉኛል። «ዛሬም አይሆንም እማማ» እላቸዋለሁ። ተቀምጠው ይውላሉ፣ ሳህኑን እንደተከደነ ይዘውት ይመለሳሉ። «በአፍንጫው የሚበላ ሰው አላየሁም» ይላሉ፤ «ይሄ ልጅ ማንን በድሎ ነው?» ዶክተር ሳህኑን በዓይናቸው ይከተሉታል፤ እማማ በሩን እስኪያልፉ ድረስ ዓይናቸው ከዚያ አይነሳም።

አንድ ቀን በግራ እጃቸው ቱቦውን መዝዘው አወጡት። መለስነው። ደግመው አወጡት። ቢኒያም «እጃቸው ይታሰር» ብሎ አዘዘ። ነርስ የተባለ ሁሉ እምቢ አለ። «ቱቦው በወጣ ቁጥር ወደ ሳንባቸው ሊገባ ይችላል፣ ይገባችኋል?» ብሎ ጮኸና ፋሻውን ከኔ እጅ ነጥቆ ራሱ አሰራቸው። እያሰረ እንባው አልጋው ላይ ይንጠባጠባል። ዶክተር አንዳርጌ አልታገሉትም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሁለት ቀን አልናገርም ብዬ ያዝኩ። እኔ ደግሞ ዝም ስል ያመኛል። ቢሮው ገባሁና በሩን ዘጋሁት።

«ጥናቱ ምን ይላል?» አልኩት።

«ያለ ቱቦ ምግቡ ወደ ሳንባቸው ይገባል። ኒሞኒያ ይይዛቸውና ቶሎ ይሞታሉ።»

«ቱቦው ካለስ?»

«ኒሞኒያው ያኔም ይኖራል። ግን ሊቆዩ ይችላሉ።»

«እንዴት ሆነው?»

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «እሱን ጥናቱ አይወስንልኝም» አለ። «ሲስተር፣ እኔ ምን ላድርግ? ቱቦውን ባወጣ ነገ ወልቂጤ ሙሉ ቢኒያም አስተማሪውን ገደለ ይላል። ይሄ የዳይሬክተር ወንበር እስኪታመሙ ድረስ የሳቸው እንደነበረ ሁሉም ያውቃል። እኔ ልጃቸው ነኝ እኮ፤ ልጅ እንዲህ ያደርጋል?»

«ልጅ አባቱን ያስራል?» አልኩት። ምላሴ አይጣል ነው። ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ቀረ፤ አሳዘነኝም፣ ግን የተናገርኩትን አልመለስኩም።

በመጨረሻ «እሳቸውን እንጠይቃቸው» ተባባልን። እንዴት እንደሚጠየቅም ከሳቸው ተምረናል፦ ስትሮክ የያዘው ሰው አውራ ጣቱን ስላነሳ ብቻ አትመኑት፤ ጥያቄውን ገልብጣችሁ ጠይቁት፣ ሌላ ቀንም ድገሙት። ቢኒያም እጃቸውን ፈታ።

«ቱቦው ይውጣ?» አውራ ጣታቸው ተነሳ።

«ቱቦው ይቆይ?» እጃቸው ወረደ፤ ወዲያና ወዲህ ነቀነቁት።

«በአፍዎ መብላት ይፈልጋሉ?» ተነሳ።

«ዶክተር፣ ሊያንቅዎት ይችላል። ሊሞቱ ይችላሉ» አልኳቸው። አውራ ጣታቸውን አነሱና ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አንከባለሉ፤ ደግሞ ይሄን ለኔ ትነግሪኛለሽ? ማለታቸው ነው። ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ጋር እንባው መጣ።

ጠይቀን ስንጨርስ ቢኒያም መልሶ አሰራቸው። በማግስቱ ፈታን፣ ጠየቅን፣ አሰረ። መልሱ ያው ነው። አገር ቤት ያለች እህታቸውን ስልኩ ሲሠራልን አገኘናት፤ «እሱ ያለውን አድርጉለት፤ እኔማ ምን እጅ አለኝ» ብላ አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን ቢኒያም ከጠየቃቸው በኋላ ፋሻውን ጠቅልሎ የጋውኑ ኪስ ውስጥ ከተተው። «አውጪው» አለኝ፤ ሊያይ ግን አልቻለም፤ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ቆመ።

ያን ቀን እማማ ከድጃ «ዛሬስ?» ሲሉ «ዛሬ ይሞከራል» አልኳቸው። የሳህኑን ክዳን ከፈቱ። አደጋውን ነገርኳቸው፤ አልደበቅሁም። ዶክተርን ትራስ በትራስ ደግፌ ቀጥ አደረግኋቸው፣ አገጫቸውን ወደ ደረታቸው ዝቅ አደረግሁ፣ የአክታ መምጠጫውን ማሽን አጠገቤ ሰካሁ። ቡላው ወፈር ያለ ነው፤ ከውሃ ይሻላል። እማማ «ቢስሚላህ» ብለው በማንኪያ ጫፍ አስጠጉላቸው። አፋቸውን ከፈቱ። ያዙት፣ ያዙት፣ ጉሮሯቸው ወጣ ወረደ። ከዚያ ሳል! ፊታቸው ደም መሰለ፤ ማሽኑን አነሳሁ። ግራ እጃቸው መጥታ የኔን ክንድ ወደ ታች ተጫነችና ከዚያ ወደ ማንኪያው ዞረች። ይጨመርልኝ አሉ። እማማ እኔን አዩኝ፤ እኔ ዶክተርን አየሁ፤ ጨመሩላቸው። ጥቂት ማንኪያ ነው የበሉት፤ ግማሹም አገጫቸው ላይ ነው የቀረው። ግን ከታመሙ ወዲህ እንደዚያ ያለ ፊት አላየሁባቸውም።

እንዲህ እየበሉ ሰነበቱ። ከሰዓት በተሽከርካሪ ወንበር ወደ በሩ እናወጣቸዋለን፤ ጂማ መንገድ ላይ የሚያልፈውን መኪና ያያሉ። ዋርዱ ውስጥ «ነፍሳቸውን በማንኪያ እያስረከቧቸው ነው» የሚል ሹክሹክታ ነበር፤ ሰምቼ እንዳልሰማ አልፌዋለሁ። ደህና ናቸው ብዬ ለእረፍት ቡታጅራ ወረድኩ። ትኩሳቱ የጀመረው እኔ በወጣሁ ማግስት ነው። ቢኒያም መድኃኒት ጀመረላቸው፤ ሳንባቸው አልመለሰም። ሲሞቱ እጃቸው አልታሰረም ነበር፤ ቢኒያም ይዞት ነበር።

የተቀበሩት ወልቂጤ ነው። መንገዱ ያኔም አልተከፈተም፤ እህታቸው አልደረሰችም። ከቀብር መልስ ሰዉ እማማ ከድጃ ግቢ ተቀመጠ። ቢኒያም ጥግ ላይ ብቻውን ነበር፤ አንዳንዱ ለቀስተኛ አይቶት ወደ ሌላው ጆሮ ይጠጋል። እማማ ከሴቶቹ መሀል ተነሱና ጓሮ ወሰዱኝ፣ እንሰቱ ሥር።

«አስቴር፣ ሰው የሚያንሾካሹከውን ሰምቻለሁ» አሉኝ። «ሳንባው ውስጥ የገባው የኔ ቡላ ነው?»

ምን ይባላል? ሊሆን ይችላል። ምራቃቸውም ሊሆን ይችላል፤ ቱቦ ያለበትም ሰው በዚሁ ይሞታል። ይህንኑ ላስረዳ አፌን ስከፍት ሁለት እጄን ጨምድደው ያዙኝ። እጃቸው ቆጮ ሲፍቅ የኖረ እጅ ነው፤ ያመኛል።

«የሐኪም ወሬ አልፈልግም። ልጄን ገድዬዋለሁ ወይስ አልገደልኩትም? ወላሂ ብለሽ ንገሪኝ።»

እኔ ጴንጤ ነኝ። እኛ ቤት መሐላ የሚባል ነገር የለም፤ አባቴ «አዎ ካላችሁ አዎ ይሁን፣ አይ ካላችሁም አይ» ብሎ ነው ያሳደገን። ፍርድ ቤት ለምስክርነት ተጠርቼ አልምልም ስል ዳኛው ተቆጥተውኛል፤ እንዲያም ሆኖ ያኔ አልማልኩም። ደግሞ የማላውቀውን አውቃለሁ ማለት አልወድም። እማማ ከድጃ ዓይኔን እያዩ ይጠብቃሉ። እጄን ለማስለቀቅ ሞከርኩ፤ አልለቀቁኝም።

«ወላሂ» አልኳቸው። «ወላሂ እማማ፣ አልገደሏቸውም። ርቧቸው ነበር፤ አበሏቸው።»

እጄን ለቀቁኝ።